ወደ ግራ የዞረ ክር

እሑድ፣ ኦገስት 3

ሙቀት። ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወትሮው ከዓሣ ማባበያ ሱቁ ፊት፣ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል... እንደተሰጣ እርጥብ ካልሲ። መሃል አያቴ። በአንድ በኩል ሊዮ ቲቦ፣ በሌላው ዌስሊ ታበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላቸዋለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው። «እሱ» ይበቃቸዋል።

«ሊዮ፣ ዛሬ ከባሕሩ ምን ያዝክ?» አለ አያቴ።

«ምንም። ሣር ብቻ።»

«አንተስ፣ ዌስ?»

«ሣር።»

«እኔም ሣር ነው» አለ አያቴ፣ እንደ ቄስ ተረጋግቶ።

የሊዮ ሸሚዝ ላይ ሳንቲም የሚያህል የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል። የዌስሊ መኪና ከሩቅ ይሸታል። አያቴ ደግሞ ትልቁን ዓሣውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ነው የመጣው፣ ሰው አይቶ ቦታውን እንዳያውቅበት። ከሰዓት የጎረቤታችን ውሻ ቆፍሮ አወጣው። መንደሩን ሁሉ እየጎተተ ዞረበት።

ዕድሜ ልካቸውን ጓደኛሞች ናቸው። በየቀኑ አንድ ዓይነት ውሸት። የሚያምን የለም፤ የሚያቆምም የለም። ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሄደው አእምሮው ነው ወይስ እፍረቱ?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

ከአያቴ ጋር ጋራዥ ውስጥ ዋልን። ለማባበያ የሚሆን እባብ ዓሣ ስናስር። ስሙ ዓሣ ነው፣ መልኩ እባብ፣ ልጋጉ ደግሞ የታመመ ሕፃን አፍንጫ። የምናጠምደው ባለመስመሩ ትልቅ ዓሣ ግን ለዚህ ጉድ ነፍሱን ይሰጣል። ምግብ መምረጥ አያውቅም... በዚህ አያቴን ይመስላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጨው ውስጥ ሞቶ ያደረውን በጨርቅ ትይዣለሽ። ረጅሙን መርፌ በአፉ አስገብተሽ፣ በሆዱ ነድተሽ፣ በቂጡ ታወጪዋለሽ። ሲባጎው ይከተላል። አንድ መንጠቆ ወደ ጭራው፣ አንድ መንጠቆ ካገጩ ሥር። ከዚያ አፉን ሰም በተቀባ ክር ጠምጥሞ ጥርቅም ማድረግ። ከጠመመ ውሃ ውስጥ እንደ እንዝርት ይሾራል። ቀጥ ካለ ስትጎትቺው እንደ ሕያው ይዋኛል።

በግራ እጄ ክሩን ስጠመጥም አያቴ በመርፌው ጀርባ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ።

«በቀኝ!»

«ግራኝ ነኝ እኮ፣ ቩቮ።» በሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

«ወደ ግራ የታሰረ እባብ ዓሣ ወደ ግራ ይሾራል።»

«ማን አለ?»

«አባቴ።»

«ለሳቸውስ ማን ነገራቸው?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን በዚሁ ክር እንዳላስረው!»

እያየኝ በቀኝ አሰርኩ። ሲወጣ በግራ። ሁለቱንም መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ጎተትኳቸው። ሁለቱም ቀጥ ብለው ዋኙ። አባቱም ውሸታም ነበር ማለት ነው። ከዘር ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

እማዬ ከከተማ መጣች። ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ገንዳውን አላጠብኩትም ነበር... ጩኸቷን ወደቡ ድረስ ሰምተውታል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ዛሬ የጋራዡ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አያቴ ብቻውን። መርፌውን ይዞ እባብ ዓሣውን ይሰድባል፤ ቋንቋ ሳይመርጥ፣ የትውልድ ደሴቶቹንም የዚህንም። ጣቶቹ እንደ ደረቀ ዝንጅብል ተቆልምመዋል። መርፌው አፉን ይስታል። ደግሞ ይስታል። ከዚያ ወደቀ። አጎንብሶ ሊያነሣው ሞከረ፣ አልያዝለት አለ። በጫማው ረገጠውና ቆመ።

በጣም ያስቅ ነበር። አልሳቅኩም። ለምን?

ሲያየኝ እንደ ሌባ ደነገጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቆመሽ ያየሽው?»

«ከ'አንተ የሰይጣን አንጀት' ጀምሮ።»

ተቀመጠ። ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ደበቀ። በመጨረሻ «ለሰው ትነግሪያለሽ?» አለ።

ነገሩ ይሄ ነው። ዓሣ ወደሚያጠምዱበት የድንጋይ ጫፍ የሚያስገባው መንገድ በገበሬው ግጦሽ ውስጥ ያልፋል። የብረት በር አለው። ገበሬው ለሽማግሌዎቹ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የሰጠው አራት ቁልፍ ብቻ ነው። የማኅበሩ ሕግ ደግሞ፣ እባብ ዓሣውን በገዛ እጁ ማሰር ያቃተው ሰው ቁልፉን ይመልሳል ይላል። ይህን የመሰለ የጅል ሕግ ማን ጻፈው? የማኅበሩ ሊቀ መንበር። ሊቀ መንበሩ ማን ነው? አሁን ጋራዥ ውስጥ መርፌ የሚረግጠው ሰውዬ።

ቁልፉን ካጣ ምን ይሆናል? ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ራዲዮ ሲሳደብ ይውላል። ከኔ ጋር። እስኪሞት።

ተስማማን። እኔ አስራለሁ፣ ዝም እላለሁ። እሱ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ መኪናውን መንዳት ያስተምረኛል። «በቀኝ እጅሽ ግን!» አለ። «እንዴታ» አልኩት።

በግራዬ ነው የማስረው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

ጉድ። ሊዮ በጓሮ በር መጣ። አያቴ አለመኖሩን ሦስቴ ጠየቀኝ። እንደ ሰላይ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ... በዚህ ሙቀት!

«ኖኤሊያ፣ አንቺ ብልህ ልጅ ነሽ።»

«ምን ፈለጉ፣ ሚስተር ቲቦ?»

«ዐይኔ ትንሽ... ማለቴ መነጽሩ ነው። መነጽሩ ጥሩ አይደለም።»

«እባብ ዓሣ ላስርልዎት?»

«ቀስ በይ!» ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከድመቷ በቀር ማንም የለም። «ለአያትሽ እንዳትነግሪ። እሱ ቢያውቅ በስቅላት ነው የሚገድለኝ።»

ክፍያው ቲማቲም ነው። ከአትክልቱ። ቲማቲም! ለማንም እንደማልናገር አስማለኝ። ማልኩለት። እውነቴን ነው፣ ለማንም አልናገርም። ምን ያህል ሰው እንደማስርለት ግን አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23

ዌስሊም!!! አይስክሬም ቤቱ ኋላ ጠራኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይንጫጫል። «ለሊዮና ለጊል እንዳትነግሪ።» ጊል አያቴ ነው። ክፍያው የፈለግሁትን አይስክሬም፣ እስከ መጨረሻው።

ከሦስቱም ዌስሊ ይሻላል። ቢያንስ ምን እንደሚወደድ ያውቃል።

እሑድ፣ ኦገስት 31

አግዳሚው ላይ ክርክር። እኔ ደረጃው ላይ፣ አይስክሬሜን ይዤ።

«ያንተ ቋጠሮ ሸካራ ነው፣ ሊዮ። ከሩቅ ያስታውቃል» አለ አያቴ።

«የኔ? የኔ ቋጠሮ ሐር ነው ሐር! ያንተ ግን እንደ አሮጊት ሹራብ...»

«እናንተ ሰዎች» አለ ዌስሊ፣ «ምስጢሩ ክሩን በምታጠብቁበት ኃይል ነው። ኃይሉ ደግሞ የሚመጣው ከዕድሜ ነው።»

የዌስሊ ኃይል ዛሬ ጠዋት እየዘፈንኩ ያሰርኩት ነው። የሊዮ ሐርም። ያ የአሮጊት ሹራብም። አይስክሬሙ በአፍንጫዬ ሊወጣ ደረሰ።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?»

«ምንም፣ ቩቮ። ከናንተ ብዙ እማራለሁ።»

ራሳቸውን በኩራት ነቀነቁ። ሦስቱም!

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

እማዬ ለሴራፊም የጎመን ሾርባ አድርሺ አለችኝ። ሴራፊም ከብረቱ በር አጠገብ ነው የሚኖረው። ዐይኑ ጠፍቷል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። አያቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ መንገድ ይሻገራል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዛሬ ራሱ ነገረኝ፣ ሾርባውን እየነፋ።

«ያ ሕግ መጀመሪያ የያዘው እኔን ነው። ጊልቤርቶ ጻፈው፣ በዓመቱ ዐይኔ ደከመ። በማኅበሩ ዓመታዊ ማዕድ ላይ መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። አያትሽ ተነሥቶ ቁልፉን ከአንገቴ አወለቀ። ራሱ፣ በእጁ። ከምድጃው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀለው።»

«አልተጣሉም?»

«ለምን? ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዳኛ አደረጉኝ። ዐይኔ ስለማያይ አላዳላም አሉ።» ሳቀ። ጥርስ የለውም። «ማዕበሉን ከዚህ እሰማለሁ። ዓሣው መቼ እንደገባ ከነሱ በፊት አውቃለሁ። መሄድ ብቻ ነው የማልችለው።»

ስወጣ «ማዕዱ በመጪው ሁለተኛ ቅዳሜ ነው» አለኝ። «አያትሽ እጁ ደህና ነው?»

«ብረት ነው» አልኩ።

«እንግዲህ እናያለን» አለ ዕውሩ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

አያቴ ምግብ አልበላም። ቋሊማውን በሹካ ወዲያ ወዲህ ሲገፋው አመሸ። የማኅበሩ ማዕድ ስምንት ቀን ቀርቶታል። እያንዳንዱ አባል ያልታሰረ ጥሬ እባብ ዓሣ ይሰጠዋል፣ እዚያው ያስራል፣ ሴራፊም ዳስሶ ይፈርዳል። የሚጠቅመን አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁሉም የሚያስሩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው! አንዱ የሌላውን ዘዴ እንዳይሰርቅ። ስለዚህ...

«እጅጌ» አልኩት።

«ምን እጅጌ?»

«ቀድሜ አስሬ እሰጥዎታለሁ። እጅጌዎ ውስጥ ይደብቁታል። ፊትዎን ወደ ግድግዳ፣ ትንሽ ማቃሰት፣ ከዚያ ይለዋውጡታል።»

ጠረጴዛውን መታ። «በገዛ ማኅበሬ ላይ! በገዛ ሕጌ ላይ! ማን ያሳደገሽ ነሽ አንቺ?»

«እርስዎ።»

ተነሥቶ ሄደ። በሩን በኃይል ዘጋው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

ቁርስ ላይ፣ ጋዜጣውን እንደያዘ፣ «የትኛው እጅጌ?» አለ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ሊዮ መጣ። ብልህ ነኝና አንድ ዘዴ እንድፈልግለት። እጅጌ አልኩት። አንድ ሰዓት ሳይቆይ ዌስሊ። ለለውጥ ያህል ቦት ጫማ አልኩት።

ልቤ በሳቅ ሊፈነዳ ነው። ቅዳሜ መቼ ነው የሚመጣው? ቅዳሜ ባይመጣ ደግሞ... ተዪው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ከሳቅ ነው። ከሳቅ ብቻ አይደለም።

የማኅበሩ ጎጆ ውስጥ የዛጎል ሾርባ ይፈላል። እኔ ሳህን አቅራቢ ነኝ። ሴራፊም ምድጃው አጠገብ። ከራሱ በላይ፣ ሚስማሩ ላይ፣ የድሮ ቁልፉ። ሦስቱ ጥሬ እባብ ዓሣቸውን አነሡና ወደ ግድግዳ ዞሩ። ሦስት ሰፋፊ ጀርባ። ክርናቸው ይወዛወዛል። ሊዮ እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ይተነፍሳል። አያቴ «እምም... እንዲህ ነው... አዎ» ይላል፤ ከእጅጌው የጨው ውሃ ጠብ፣ ጠብ። ዌስሊ ጫማው አሳከከው መሰለኝ፣ አጎንብሶ ቀረ።

ሦስቱም ያመጡትን ሳንቃው ላይ አስቀመጡ። ሴራፊም በአውራ ጣቱ ከአንገት እስከ ጭራ ዳሰሰ። አንደኛውን። ሁለተኛውን... ቆም አለ። ሦስተኛውን። ተመልሶ አንደኛውን።

«ጥሩ ናቸው» አለ። «ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ሦስቱም የአንድ ሰው እጅ ናቸው።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ አያቴ።

«ክሩ ወደ ግራ ነው የዞረው። ሦስቱም ላይ። ጊልቤርቶ፣ አንተ ወደ ግራ ታስራለህ እንዴ? አባትህ ከመቃብር ይነሣብሃል።»

አያቴ የራሱን አንሥቶ ወደ ዐይኑ አስጠጋ።

መጀመሪያ የፈነዳው ሊዮ ነው። «ሰረቅከኝ! አንተ ሽማግሌ፣ ልጅቷን ሰረቅከኝ!»

«የገዛ የልጅ ልጄን? የገዛ የልጅ ልጄን ነው ከአንተ የሰረቅሁት?»

«ለኔ ነው የምትሠራው! ቲማቲሜን ስትበላ ነው የከረመችው!»

«ምን ቲማቲም?»

ዌስሊ ከቦት ጫማው ጥሬውን እባብ ዓሣ ስቦ አወጣና ሳንቃው ላይ አጋደመው። «አይስክሬሜንም» አለ ቀስ ብሎ።

አሁን ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ከምድጃው አጠገብም አንድ ጥርስ የሌለው ሳቅ ተከተለኝ።

ከዚያ አያቴ ያልጠበቅሁትን አደረገ። ጥሬውን ከእጅጌው አወጣ። ረጅሙን መርፌ አነሣ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። እያየነው ሞከረ። መርፌው ሳተ። ደግሞ ሳተ። ወደቀ። ሊዮ አጎንብሶ አነሣለት፤ እንዲህ ነው ሊለው ፈልጎ መሰለኝ። ከሊዮም እጅ ወደቀ።

ማንም አልሳቀም። እኔም።

አያቴ ገመዱን ከአንገቱ አወለቀ። ቁልፉን ሳንቃው ላይ አስቀመጠ። ሊዮ ቆይቶ፣ እያጉረመረመ። ዌስሊ። ሦስት ቁልፍ፣ ከሞቱ እባብ ዓሣዎች መሃል። ሚስማሩ ላይ አራተኛው። ማኅበሩ አለቀ ማለት ነው። በአንድ ሳህን ሾርባ።

«አንዱን ስጧት» አለ ሴራፊም።

«አሥራ አምስት ዓመቷ ነው!» አለ ሊዮ።

«ዕድሜ ሕጉ ላይ የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ አያቴ። ጥሬውን ራሱ ገፋልኝ።

«በይ ወደ ግድግዳ ዙሪ» አለ ሊዮ ከልማዱ የተነሣ።

«አልዞርም። የሚሰርቅ ይስረቅ።»

በግራ እጄ አሰርኩ። እያዩኝ። መርፌው በአፉ ገባ፣ በታች ወጣ፣ ሲባጎው ተከተለ። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ነበር። ክሩን ወደ ግራ ሳዞር አያቴ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

ሴራፊም ዳሰሰ። «እሷ ናት» አለ።

አያቴ የራሱን ቁልፍ አንሥቶ አንገቴ ላይ አጠለቀው። የሴራፊምን ባወለቀበት በዚያው እጅ መሆን አለበት። ጣቱ አገጬን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ልጋጋም። ገመዱ የሽማግሌ አንገት ይሸታል። ቤት ስደርስ በሳሙና አጠብኩት። አሁንም ይሸታል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ሳይነጋ የብረቱ በር ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ሦስቱም፣ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪያቸውን ለብሰው። ትምህርት ቤት የረፈደበት ተማሪ ይመስላሉ።

«ትከፍቺ እንደሆነ ብለን ነው» አለ ዌስሊ።

«ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ቲማቲም» አለ ሊዮ።

«ቲማቲም አልቀበልም።»

ሄጄ ሴራፊምን አመጣሁት። የአያቴን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ፤ ሴራፊም ፊት ወንበር ላይ፣ ከኔ አጠገብ ተቀመጠ። ሦስቱ ኋላ ተጫኑ፤ በየጉድጓዱ ስንዘል እንደ ባዶ ጣሳ እየተንጫጩ። ሆን ብዬ ነው ጉድጓዱን የምመርጠው።

ጫፉ ላይ አያቴ የራሱ ድንጋይ አለው። ጠፍጣፋው፣ ማንም የማይረግጥበት። ሴራፊምን ክንዱን ይዞ እዚያ አቆመው። ዘንጉን አስጨበጠው።

«ይሄ ያንተ ድንጋይ አይደለም እንዴ?» አለ ሴራፊም።

«ወርውር፣ ባሕሩ ሳይሸሽ።»

በቃ። ሌላ ቃል የለም። እነዚህ ሰዎች ይቅርታንም እንደ ዓሣ ማጥመጃ ቦታ ነው የሚደብቁት።

ሴራፊም ወረወረ። እባብ ዓሣዬ ቀጥ ብሎ ዋኘ፣ ከላይ ሆኜ አየሁት። አልሾረም። አያቴም አየው። «ነፋሱ ነው የረዳው» አለ።

ሽማግሌ!

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ሲነጋ ብቻዬን ገባሁ። ብርድ። ባሕሩ አመድ መስሏል። በሩን ከኋላዬ ቆለፍኩ። ሽማግሌዎቹን የምከፍትላቸው ከቁርስ በኋላ ነው... ደንብ አውጥቻለሁ።

ሦስት ጊዜ ብቻ ወረወርኩ። በሦስተኛው ባሕሩ እጄን ያዘኝ። ሌላ ምን ልበል? ያዘኝና ጎተተኝ። አልጮህኩም። ሰው ይሰማል። በጉልበቴ ተንበርክኬ አወጣሁት፣ ከታናሽ ወንድሜ ይከብዳል። መስመሮቹ አሁን የተሠመሩ ይመስላሉ።

ዙሪያውን አየሁ። ማንም የለም። እርጥቡን አሸዋ ቆፈርኩ።

ሱቁ ጋ ስደርስ አግዳሚው ላይ አራት ሆነዋል። ሴራፊም ተጨምሯል።

«እሺ አለቃ» አለ ሊዮ። «ምን ያዝሽ?»

«ምንም። ሣር ብቻ።»

ሦስቱ አዩኝ። ሸሚዜ ላይ፣ ከቁልፉ ገመድ በታች፣ ሳንቲም የሚያህል ቅርፊት። እኔም አሁን ነው ያየሁት። ሴራፊም ወደኔ ዞሮ አየሩን አሸተተ፣ ፈገግ አለ። አያቴ ወደ ጎን ተጠጋና በአግዳሚው ቦታ ለቀቀልኝ።

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ፣ እግሬን ደክሞኛል።

የቱ ድንጋይ ጋ እንደያዝኩት? እዚህም አልጽፍም።

በመስኮቱ በኩል የጎረቤታችን ውሻ ወደ ባሕሩ ሲሮጥ ይታየኛል... ልሂድ!